ሦስተኛው መስመር

መምህር ዐብዱልከሪም ቁስቋም ባለው ቤታቸው፣ በማስጠኛው ክፍል፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከሰሌዳው ሥር ካለው የድንጋይ እርከን ጋር ተጋጭቷል፤ ደረታቸው ላይ የተገፉበት ምልክት ነበር። ከተቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ቢሆንም ባለቤታቸው ፈህሚያ አላለቀሰችም። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላታል። አጥርታ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ኸሊል ታስሯል።

አስከሬኑን ያገኘው ኸሊል ነው። ከስምንተኛ ክፍል አቋርጦ ባጃጅ በመያዙ ከአባቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ጎረቤት ሰምቷል። ከእሱ በፊት ተማሪዋ ሰልማ አጥንታ ወጥታ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የመምህሩ የቀድሞ ተማሪ ናስር ነው፤ አሁን በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ናስር ለፖሊስ በሰጠው ቃል፣ ሲወጣ ሰሌዳው ላይ ሁለት የሒሳብ መስመር ብቻ እንደነበረ፣ አሁን ያለውን ሦስተኛውን መምህሩ ከዚያ በኋላ እንደጻፉት ተናገረ። እሱ ሲሄድ በሕይወት ከነበሩ የሚቀረው ኸሊል ነው።

ኢንስፔክተር ምስጢር ሰሌዳው እንዳይነካ አዝዛ፣ ሟቹ እንዴት ይሠሩ እንደነበር ፈህሚያን ጠየቀቻት። ፈህሚያ አንድ ልማድ ነገረቻት። መምህሩ አንድ መስመር በጻፉ ቁጥር በፊደሎቹ ቦታ ቁጥር አንድን ያስገባሉ፤ ውጤቱ ከላይኛው መስመር ጋር ካልተስማማ ያጠፉታል።

«ወጥ ጨው ሲበዛብኝ እንኳ ‹አንድ አስገብተሽ አልፈተሽሽም› ይሉኝ ነበር» አለች። ፊቷ አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ ምስጢር ሁሉንም በክፍሉ ሰበሰበች። ኸሊል በካቴና መጣ። ሰሌዳው ላይ እንዲህ ይላል፦

(a⁻¹ + b⁻¹) / c⁻¹
c(a⁻¹ + b⁻¹)
c / (a + b)

በሰልማ ደብተር ያሉት ሁለቱ መስመሮች ብቻ ናቸው፤ ሦስተኛውን ነገ እንሠራዋለን ብለዋት ነበር መምህሩ።

«መምህር ናስር፣ እኔ ሒሳብ ላይ ደካማ ነኝ» አለች ምስጢር። «ሦስተኛው እንዴት መጣ?»

«ቀላል ነው። ኔጋቲቭ ኤክስፖነንት፣ ማለትም ከራሱ ላይ ይቺ ⁻¹ ያለችበት ፊደል ወደ ታች ሲወርድ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሁለቱን አወረድናቸው።»

«እስቲ በፊደሎቹ ቦታ አንድ ያስገቡልኝ።»

ናስር ጠመኔ አነሣ። ከሁለተኛው መስመር ሁለት ወጣ። ከሦስተኛው ግማሽ። ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ቆመ።

«የተባዛ ነው እንጂ የተደመረ እንዲያ አይወርድም» አለች ሰልማ ቀስ ብላ።

ምስጢር ነገሩን አንድ በአንድ አስረዳች። መምህሩ ቢጽፉት ኖሮ ፈትሸው ያጠፉት ነበር፤ ስለዚህ አልጻፉትም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው ኸሊል ኔጋቲቭ ኤክስፖነንት የሚባል አያውቅም። ሰልማ ስሕተቱን ታውቀዋለች። መስመሩ የሚጠቅመው ደግሞ «ከሄድኩ በኋላ ጻፉት» ያለውን ሰው ብቻ ነው። ከዚያ ከሟቹ መሳቢያ ያገኘቻቸውን፣ እሳቸው ዘንድ የሚያጠኑ የናስር ተማሪዎችን ደብተሮች ዘረጋች። በሁሉም ያው ስሕተት በሟቹ ቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

«ዲግሪህ ሐሰተኛ ነው አሉኝ» አለ ናስር። «እስከ ዓርብ ለትምህርት ቤቱ ራስህ ተናገር አሉኝ። ገፋኋቸው። መግደል አላሰብኩም።»

«ስንት ዓመት አስተማርክ?» አለች ፈህሚያ።

«ስድስት፣ እትዬ።»

ካቴናው ከኸሊል እጅ ወጣ። ሰሌዳው ፎቶ ተነሥቶ ካበቃ በኋላ ፈህሚያ ጨርቅ አንሥታ ሦስተኛውን መስመር ጠረገችው፤ ባሏ ስሕተት አያሳድሩም ነበር። ሰልማን እንድትጽፍ በዓይኗ ጠየቀቻት። ሰልማ ጻፈች፦

c(a + b) / ab

ፈህሚያ በየፊደሉ ቦታ አንድ አስገባች።

«ሁለት» አለች። የራሷም ድምፅ ከጎረቤት ቤት የመጣ መሰላት።