አራት ሰከንድ የሚቆይ እሳት

እሳቱ በራ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጠፋ።

ላሪሳ የምድር ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክካ፣ የእጅ ባትሪዋን በጥርሷ ነክሳ፣ በቤቱ የጋዝ ማሞቂያ ትንሽ መስኮት ወደ ውስጥ ታያለች። ማሞቂያው እንደገና ሞከረ። ማራገቢያው ዞረ፣ ማቀጣጠያው ፍም መሰለ፣ ጋዙ ሽው ብሎ ገባ፣ ሰማያዊው ነበልባል ተደረደረ። እንደገና በአራተኛው ሰከንድ ድርግም አለ። ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ ማሽኑ ተስፋ ቆረጠና ቀይ መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ።

ምን እንደሆነ ታውቃለች። ነበልባሉ ጫፍ ላይ ከእርሳስ የቀጠነች የብረት ዘንግ አለች። ሥራዋ እሳቱ በእርግጥ መንደዱን ለማሽኑ መንገር ነው። ቆሻሻ ከለበሳት እሳቱን አታውቀውም፤ ማሽኑም ጋዝ በባዶው እንዳይፈስ ብሎ ሁሉን ነገር ይዘጋል። አባቷ በኅዳር እዚሁ ቦታ ተቀምጦ አሳይቷታል። «መጀመሪያ መብራቱን ታጠፊያለሽ፤ ቀጥሎ የጋዙን መዝጊያ። ከዚያ አንድ ብሎን ብቻ ነው። በብረት ሱፍ፣ በድስት መፈተጊያው ዓይነት፣ ቀስ አድርገሽ ታሻታለሽ። በአሸዋ ወረቀት ግን እንዳትነኪያት፣ ትቧጥጫታለሽ። ዐሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ አንቺም ትችያለሽ።»

መብራቱንና ጋዙን ዘግታ ብሎኑን ግማሽ ድረስ ፈታችው።

«ላሪ! ምን ሆኗል?» አለች እናቷ ማርሊን ከደረጃው አናት።

ላሪሳ ባትሪውን ከአፏ አወጣች። ከዚያ ብሎኑን መልሳ አጠበቀችው።

«እኔ እንጃ፣ እማ። ከአባዬ በቀር የሚያውቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።»

«ባለሙያ ልጥራ?»

«ባለሙያው ምን ያውቃል? ይሄ ማሞቂያ እኮ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ጠባዩን የሚያውቀው አባዬ ነው።»

ከላይ የወለሉ ጣውላ ሲንቋቋ ተሰማ፤ እናቷ ስልኩን ልታመጣ እየሄደች ነበር።

ረቡዕ ነበር፣ በጥር። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው። በሳስካችዋን ክፍለ ሀገር ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ ብርድ ሲመጣ ሰው የመኪናውን ሞተር በገመድ ከኤሌክትሪክ ጋር ሰክቶ ያሳድራል፤ አለዚያ ጠዋት አይነሣም።

ላሪሳ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። አባቷ ዋረን ከእናቷ ጋር ከተለያየ ጀምሮ የሰባት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ሰሜን ካለ የማዕድን ማውጫ ይሠራል። እሑድ እሑድ ይደውላል። «ትምህርት እንዴት ነው?» «ደህና ነው።» «አያትሽስ?» «ደህና ናቸው።» ከዚያ ሁለቱም የሚሉት ይጠፋቸዋል። አባቷ በስልክ ሌላ ሰው ነው፤ ቃል ያጥረዋል። እጁ ላይ የሚፈታ ወይም የሚታሰር ነገር ካለ ግን ወሬው አያልቅበትም።

በኅዳር ማሞቂያው የቆመ ጊዜ መጥቶ ነበር። ከሁለት ሰዓት ሥራ በኋላ እጁን ታጠበና፣ ማንም ተቀመጥ ሳይለው፣ በድሮ ወንበሩ ተቀመጠ። እናቷ የቀይ ሥር ሾርባ አቀረበች። እሱም የማዕድኑ ሠራተኞች ሰፈር ድረስ እየመጣች ጓንት ስለምትሰርቅ ቀበሮ አወራላቸው። «እስካሁን ዐሥራ አንድ ሰርቃለች፣ ሁሉም የግራ ናቸው!» ሲል እናቷ ሾርባው ትን እስኪላት ሣቀች። ላሪሳ ያን ሣቅ ከሰማች ስንት ጊዜዋ! በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወንበሩ ወደ ጠረጴዛው ተገፍቶ፣ ቤቱ ዝም ብሎ አገኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ምድር ቤቱ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። ምነው አንድ ነገር በተበላሸ ትላለች።

ማታውን የአባቷ መልእክት ደረሰ። «ቅዳሜ እመጣለሁ። እስከዚያ ሲቆም አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት።»

«ቅዳሜ!» አለች ላሪሳ።

«ምን ያስፈነድቅሻል? ቤቱ እኮ ማቀዝቀዣ ሆኗል» አሉ የእናቷ አባት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው፤ በዚያ አገር እንዳሉ ብዙ የዩክሬን ዘር ቤተሰቦች እነላሪሳም አያታቸውን የሚጠሩት ጊዶ ብለው ነው። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በላዩ ብርድ ልብስ ደርበው ተቀምጠዋል። «እኔን ከአሳማ ሥጋው ጎን ደርድሩኛ፣ እስከ ፋሲካ አልበላሽም።»

«ጊዶ ደግሞ! ሦስት ቀን ብቻ እኮ ነው።»

«በእኔ ዕድሜ ሦስት ቀን ቀላል መሰለሽ?»

ሐሙስ ጠዋት ቤቱ ዐሥራ አራት ዲግሪ ነበር። ላሪሳ ወርዳ ማሞቂያውን አጥፍታ አበራችው፤ ሠራ። እናቷ ወደ አረጋውያን መጦሪያው ሥራዋ ሄደች፤ ላሪሳም የትምህርት ቤት አውቶቡስ ያዘች።

ክፍል ውስጥ መምህሩ ስለ ክፍልፋይ ሲያስረዱ እሷ ስለ ቅዳሜ እያሰበች ነበር። እናቷን ድንች የገባበት ቂጣ አብስይ ትላታለች። የብረት ሱፉን ከመሣሪያ ሣጥኑ አንስታ ትደብቀዋለች፤ አባቷ ሲያጣው አብራው ትፈልጋለች። ፍለጋው አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ይመሻል፤ መንገዱ በረዶ ነው፣ ማደሩ አይቀርም። ቀበሮዋ አሁን የቀኝ ጓንት ጀምራ እንደሆነ ትጠይቀዋለች።

ከቀትር በኋላ ስትመለስ ገና በሩን እንደከፈተች ጩኸቱን ሰማችው። አራት ጊዜ ጮኾ ዝም ይላል፣ እንደገና አራት ጊዜ። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለው የመርዝ ጋዝ ማንቂያ ነው። ቤቱ ደግሞ ሞቋል፤ መሞቅ ከሚገባው በላይ ሞቋል።

ማሞቂያው ቀን ላይ እንደገና ቆሞባቸው፣ ጊዶ ማእድ ቤት ተቀምጠዋል። የአሮጌው የጋዝ ምድጃ ዳቦ መጋገሪያው ክፍል ወለል ብሎ ተከፍቶ እየነደደ፣ እግራቸውን ወደ እሳቱ ዘርግተዋል። መስማት የሚረዳቸውን መሣሪያ ከጆሯቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኑረውታል። አንገታቸው ወደ ደረታቸው ወድቋል።

«ጊዶ!»

ዐይናቸውን በግድ ገለጡ። «ኦልጋ… መጣሽ? ራሴን አሞኛል።»

ኦልጋ ከስድስት ዓመት በፊት የሞቱት ባለቤታቸው ናቸው።

አባቷ ለላሪሳ የነገራት እንደ መዝሙር በጭንቅላቷ ውስጥ ነበር። አራት ጊዜ ከጮኸ ምክንያቱን ልፈልግ አትበይ። ሽታ የለውም፣ አፍንጫሽን አትመኚው። መጀመሪያ ሰው ይወጣል፤ ስልኩ ከውጭ ነው። እጇን ዘርግታ እሳቱን አጠፋችው፣ ብርድ ልብሱን ጠቀለለችባቸው፣ በብብታቸው ገብታ አነሣቻቸው።

«ይነሱ ጊዶ፣ ይራመዱ! በእኔ ላይ ይደገፉ!»

«ውጭ ይበርዳል እኮ፣ ኦልጋ።»

«አውቃለሁ። ይራመዱ ብቻ!»

በረንዳውን ሲወርዱ ከመንገዱ ማዶ ያሉት ጎረቤት፣ ወይዘሮ ኤድና፣ በነጠላ ጫማቸው እየሮጡ ደረሱ። ጊዶን ሁለቱ ተጋግዘው ወደ እሳቸው ቤት አስገቧቸው። ላሪሳ መጀመሪያ ለአምቡላንስ፣ ቀጥሎ ለእናቷ ደወለች።

አምቡላንሱ ሲደርስ ለጊዶ ወዲያው ኦክስጅን አደረጉላቸው። እናቷ በሥራ ልብሷ መጥታ አብራቸው ልትሳፈር ስትል ላሪሳን ክንዷን ያዘቻት። «በክፉ ጊዜ ደርሰሽላቸዋል። ጎበዝ ልጄ።» ላሪሳ ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

ከጋዝ ድርጅቱ የተላከችው ቤርናዴት የምትባል አጭር፣ ደንዳና ሴት ናት። ቤቱን ከፍታ አናፈሰች፤ በእጇ በያዘችው መለኪያ ክፍል በክፍል ዞረች። ከዚያ ወይዘሮ ኤድና ቤት በር ላይ ቆማ ተጣራች። «ማሞቂያችሁን የሚያውቅ ሰው አለ? በዚህ ብርድ ሳይሠራ ካመሸ የውኃ ቧንቧው ይፈነዳል።»

«እኔ ላሳይሽ» አለች ላሪሳ።

ቤርናዴት በመጀመሪያ በጓሮ በኩል ዞራ አየር ማስገቢያና ጭስ ማውጫ ቧንቧዎቹን አየች። «እነዚህን በረዶ ከደፈናቸው ማሞቂያውም እንደዚያ ምድጃ መርዝ መትፋት ይችላል። ክንድ ሙሉ ያህል ዙሪያውን ጥረጊ፣ ሁልጊዜ።» ምድር ቤት ወርዳ የአየር ማጣሪያውን ፊልትሮ ስባ ወደ መብራት አነሣችው። «ይሄ ንጹሕ ነው። ማን ይቀይረዋል?»

«እኔ። በየወሩ።»

«ጥሩ ነው። ታዲያ ይህ ማሽን ምን ሆነ? ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚያደርገው?»

አላውቅም ማለት ቀላል ነበር። ቃሉ አፏ ላይ መጥቶ ነበር።

«ከትናንት» አለች ላሪሳ። «ዘንጓ ናት፤ ቆሽሻለች። ማጽዳትም እችላለሁ። ትናንት ብሎኑን ፈትቼ ነበር፤ ከዚያ መልሼ አሰርኩት።»

ቤርናዴት ዞር ብላ አየቻት። «ለምን?»

«አባቴ እንዲመጣ።»

ሴትየዋ ጓንቷን አወለቀች፤ የእጇን ጀርባ አፍንጫዋ ላይ አሸች። በመጨረሻም መብራቱን አጠፋች፣ ጋዙን ዘጋች፣ ካቻቪቴውን በእጀታው በኩል ዘረጋችላት። «እስቲ ሥሪው። እያየሁሽ ነው።»

ላሪሳ ብሎኑን ፈታች። ዘንጓን ስባ በብረት ሱፉ አሸቻት፤ ግራጫው ቆሻሻ ለቀቀና ብረቱ አበራ። መልሳ አሰረች። ቤርናዴት ጋዙንና መብራቱን ከፈተች። እሳቱ ተነሣ። አራት። አምስት። ስድስት። ዐሥር። ቀጥ ያለ፣ ሰማያዊ፣ የማይወዛወዝ። ብዙም ሳይቆይ ትልቁ ማራገቢያ ተነሥቶ ሙቀቱ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። ላሪሳ ግንባሯን በጉልበቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

«ያ መጋገሪያ ለዳቦ እንጂ ለእግር አይደለም፤ ለሽማግሌው እነግራቸዋለሁ» አለች ቤርናዴት ዕቃዋን እየሰበሰበች። «ለእናትሽ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ያን እኔ አልጠግንልሽም።»

እናቷ ተመልሳ፣ ጊዶ ደህና እንደሆኑና ነገ እንደሚወጡ ስትናገር ላሪሳ ልብስ እስክታወልቅ እንኳ አልጠበቀቻትም። አንዱንም ሳታስቀር ነገረቻት። ማርሊን ካፖርቷን እንደለበሰች ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ቁጣዋ ፊቷ ላይ መጣ፣ ቆየ፣ ከዚያ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

«አባቴን ልትገድይብኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ።

«አውቃለሁ።»

«የባለሙያውን ቁጥር ትናንት ሦስት ጊዜ አውጥቼዋለሁ» አለች እናቷ መሬት መሬት እያየች። «ሦስቴም ስልኩን አስቀመጥኩት። አንቺን ብቻ እንዳልወቅስ ብዬ ነው የምነግርሽ።»

ላሪሳ ከጎኗ ተቀመጠች። እናቷ የካፖርቷን አንድ ጎን ገልጣ አለበሰቻት።

ጊዶ ዓርብ ወጡ። «ሆስፒታሉ እንዴት ይሞቃል መሰላችሁ! ምነው ሌላ ቀን አስቆዩኝ ብዬ ነበር» እያሉ ገቡ። ላሪሳ ይቅርታ ስትጠይቃቸው እጇን ያዙ። ከዚያ፣ «እኔም ኦልጋን አየኋት እኮ፤ ትንሽ ቢጤ» አሉና ወደ ክፍላቸው ሄዱ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው።

«እናትሽ ነግራኛለች» አለ ዋረን። ድምፁ ሻክሯል። «አንቺ ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ።»

«ነገ ጠዋት ልነሣ ነበር፤ ግን… ማሞቂያው ተሠራ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጥሩ ነው። መንገዱም በረዶ ነው አሉ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ድምፅ ምናምን የለውም? ማራገቢያው አይንጫጫም?»

ላሪሳ ምድር ቤቱን አዳመጠች። ማሞቂያው አንድ ወጥ በሆነ፣ በለሰለሰ ድምፅ እየሠራ ነው። ትንሽ ይንጫጫል ብትል ነገ ይነሣል። አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አይንጫጫም፣ አባዬ። ምንም የለውም። ቤት ውስጥ የሚጠገን ነገር የለም።»

«አ… እሺ።»

«ግን ና። እኔ እንድትመጣ እፈልጋለሁ። ስለናፈቅከኝ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

በመስመሩ ውስጥ ትንፋሹ ይሰማታል። ከወዲያ አንድ ሰው በር ሲዘጋ፣ ሌላ ሰው ሲስቅ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝምታው ሲረዝም እሷ ትቀድመው ነበር፤ «ካልተመቸህ ይቅር» ትል ነበር፣ ስለ ትምህርት ታወራ ነበር። ዛሬ አልቀደመችውም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ መልሱን ለእሱ ተወችለት።