ከሰሌኑ ሥር ማን ነበር?

እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ፉአቲኖ ግን በዓይኔ ያየሁትን ነው የምጽፈው።

ጊዜው ጎህ ሲቀድ ነው። ቦታው ሳሞአ፣ ግድግዳ የሌለው ቤታችን ደጃፍ... ከወንድሜ መቃብር አጠገብ።

ወንድሜ ኢዮሱአ ፖሊስ ነበር። የመንደሩ ሹም ልጅ ቫይቶሎ ሰክሮ ሲነዳ አስቆመው። ቫይቶሎም ቆመ። ከዚያ መኪናውን ወደ ኋላ አድርጎ ሄደበት። ሁለት ጊዜ።

ባዶ እጁን የቆመ ሰው በመኪና መዳጥ! ጀግንነቱ ይህ ነው።

ኢዮሱአን ከነደንብ ልብሱና ከነሰንደል ጫማው ቀበርነው። የግራ ሰንደሉ ማሰሪያ ተበጥሶበት በዓሣ ማጥመጃ ክር የሰፋሁለት እኔ ነበርኩ።

ገዳዩ በዋስ ተለቀቀ። ፍርዱ ሲቃረብ ዘመዶቹን አስከትሎ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ። በእኛ አገር በዳይ ማለዳ መጥቶ በሟች ቤት ደጃፍ ይንበረከክና ከራሱ ጀምሮ ሰሌን ይከናነባል። የሟች ቤተሰብ ሰሌኑን ካነሳለት ይቅር ተባለ ማለት ነው፤ ዳኛም ያንን ቆጥሮ ቅጣቱን ያቀልለታል። እስኪነሳለት ድረስ ግን ንቅንቅ ማለት የለም።

ሰሌኑ ያምር ነበር። ከለበሰው ሰውዬ ይልቅ እሱ ያስከብራል።

ዘመዶቹ ራቅ ብለው አንገታቸውን ደፉ። እኔ እናቴ እንዳትነሳ እጇን ይዣለሁ። ፀሐይዋ እየበረታች ሄደች።

ጧ... ጧ...

ማስቲካ ነው። ምሕረት የሚለምነው ሰውዬ ከሰሌኑ ሥር ማስቲካ ያኝካል!

ደሜ ፈላ። ልሰድበው ተነሥቼ አጠገቡ ስደርስ ማስቲካው ቀጥ አለ።

"እህቴ..." አለ በሹክሹክታ። "ጎኔ ያለው ማነው?"

"ማንም የለም።"

"ይተነፍሳል..."

"የራስህ ትንፋሽ ነው። ፈሪ።"

ሰሌኑ ግን... በቀኙ በኩል ቀስ ብሎ ከፍ አለ። ሌላ ራስ ከሥሩ ቀና ያለ ይመስል ነበር።

ነፋስ ነው አልኩ። የኮኮነት ዛፎቹን ቀና ብዬ ሳይ አንድ ቅጠል እንኳ አይንቀሳቀስም።

"እጄን ያዘኝ። እባክሽ አንሺው..."

"ወንድሜ ሲለምንህ ሰምተኸዋል?"

አላነሳሁለትም። ያነሳችው እናቴ ናት፤ የመንደራችን ፓስተር ስለ እግዚአብሔር ብለው ለመኗት አንጀቷ አልችል አለ።

ከሥሩ እሱ ብቻ ነበር። በላብ ተጠምቋል። የእጁ አንጓ ላይ የጣት ምልክት ቀልቶ ይታያል። ዘመዶቹ አለቀሱ፤ እናቴም አለቀሰች። እሱ ግን ትንፋሹ ሲመለስለት ከዘመዶቹ ጋር የመጣውን ጠበቃውን ፈልጎ ፈገግ አለለት። እንዲህ ያለ ሰው ፍርሃት እንኳ አያስተምረውም።

ፍርድ ቤት ጠበቃው ተነሥቶ፣ እናት ምረውታል፣ ሟችም ቢጠየቅ ይምረው ነበር አለ። ሟችን አነጋግሮት የመጣ ይመስላል። ዳኛው አምስት ዓመት ፈረዱ። የወንድሜ ዋጋ ይኸው ሆነ።

ቫይቶሎ ወደ እስር ቤቱ መኪና ሲገባ በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሰሌኑ እንደ ልማዳችን ለእኛ ቀረ። እናቴ ጠቅልላ ጣሪያው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ነቃሁ። ሰሌኑ ቦታው የለም።

መቃብሩ ላይ ተዘርግቷል። መሐሉ ቀና ብሏል... ሰው ከሥሩ እንደ ተንበረከከ።

"እህቴ... ጎኔ ያለው ማነው?"

ድምፁን አወቅሁት። እስር ቤት ዘበኛ የሆነው የአጎቴ ልጅ ጴኒቲላ ጋ ደወልኩ።

"ቫይቶሎ አለ?" አልኩት።

"ተኝቷል። እያየሁት ነው። ምነው?"

"ምንም..."

ስልኩን ዘጋሁ።

"ማሪኝ... አንሺው..."

ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ። በሰሌኑ ጠርዝ ሥር የሚንቀጠቀጡ ባዶ እግሮች ይታያሉ። ከእነሱ አጠገብ ደግሞ... ጭቃ የነካው ሰንደል። ማሰሪያው በዓሣ ማጥመጃ ክር ተሰፍቷል።

እናቴም ሰምታለች። ልትወጣ ስትነሳ እጇን ያዝኳት።

"ተይው እማዬ። አሁን የሚያነሳለት ኢዮሱአ ነው።"

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ፀሐይ ወጣች... እኩለ ቀን ሆነ...

ሰሌኑ አልተነሳም።