የጠበቀችው ዳዶ

ያደሳ የሞተው ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ዓለም ባንክ አካባቢ፣ ቁልቁለት ላይ የመስክ መኪናው ተገልብጣበት። ኢንስፔክተር የኔነሽ ሐሙስ ስትጠራ መዝገቡ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ጥፋተኛው ተገኝቷል ተብሏል፤ ጎሚስታው አቶ ተክለማርያም። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ሁለት ሌሊት ጣቢያ አድረዋል። ጎማው ውስጥ የከተቱት ካላማዳሪ፣ ንፋስ የሚይዘው የውስጡ ላስቲክ፣ በመበጠሱ ሰው ገድለዋል ነው ነገሩ። የኔነሽ ሃያ ስድስት ዓመት ሬሳ ስታይ የኖረች፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ናት። ሰልችቷታል። ግን ሄደች፤ ምን ታድርግ፣ እንጀራ ነው።

መጀመሪያ ሽማግሌውን አስጠራች።

«አባባ፣ የዘመኑ ጎማ ካላማዳሪ ምን ያደርግለታል?»

«ልጄ፣ ያደሳ እንግዶች እየጫነ በረሃ ነው የሚነዳው። አሸዋ ላይ ንፋስ ያጎድላል። የብረት ቸርኬዎቹ በድንጋይ ተጣመው ንፋስ አልይዝ ስላሉ፣ ሰኞ ጠዋት ለአራቱም ካላማዳሪ ከተትኩ። ንፋሳቸውን አርባ አርባ ሞላሁ። በሥራዬ ከሆነ የሞተው እጄ ይቆረጥ!»

የኔነሽ እያቃሰተች፣ ጣቢያው ግቢ ተጎትታ ከመጣችው የያደሳ መኪና ጎን ተቀመጠች። በሦስቱ ደህና ጎማዎች ቫልቭ ላይ የማጥበቂያዋ ዳዶ ከላይ፣ ከክዳኑ ሥር ናት። ካላማዳሪው በተበጠሰበት የፊት ጎማ ላይ ግን ወርዳ ቸርኬው ላይ ጥብቅ ብላለች።

«የትኛው ነው ልክ?»

«የላይኛው ነዋ! ንፋስ ሲጎድል ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ካላማዳሪውን ይጎትታል። ዳዶው ካልጠበቀ ቫልቩ ያዘማል፤ ሹፌሩ አይቶ ይቆማል። ከጠበቀ ግን ቀጥ እንዳለ ይቆይና ይበጠሳል። ይህን ለሠራተኞቼ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ለያደሳ ወንድም ለለሊሳም ጭምር። ሁለት ዓመት እኔ ጋ ሠርቷል።»

«ነጩ ቀለምስ?»

«ጎማውንና ቸርኬውን አንድ ላይ አሰምርበታለሁ። መንሸራተቱ ይታወቃል።»

በፊት ጎማው ላይ መስመሩ አራት ጣት ያህል ተለያይቷል።

የሟች ሚስት ማራኪ ጥቁር ለብሳ መጣች። «እኚህ ሰውዬ ናቸው ቤቴን ያፈረሱት!» አለች ገና ከበሩ።

«እሺ እህቴ። ያደሳ ማክሰኞ ለመንገድ ሲነሳ ምን አደረገ?»

«እንደ ልማዱ አራቱንም ቫልቭ ነካካ። ‹ቀጥ ብለዋል› አለኝና ሄደ።»

«ሰኞስ መኪናዋ ማን ጋ ነበረች?»

«ለሊሳ ጋ። ዘነበወርቅ ዘመድ ሊጠይቅ ወስዷት፣ ሲመሽ ግቢያችን አስገባት።»

ለሊሳ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። «ስመልሳት ለክቻለሁ፤ አራቱም አርባ ነበሩ» አለ።

«ዳዶ ነክተሃል?»

«እኔ? የጎማ ሥራ የት አውቄ!»

የኔነሽ ተነፈሰች። ሰው ሲዋሽ መስማት እንደ ድሮው አያስቆጣትም፤ ያደክማታል።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም ጎማው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«አባባ ቢሳሳቱ አራቱንም ባጠበቁ ነበር፤ የጠበቀችው አንዷ ብቻ ናት። አርባ የተሞላ ጎማ ደግሞ አይንሸራተትም፤ ይኸው ግን አራት ጣት ተንሸራትቷል። ንፋሱ ጎድሎ ነበር። የዚህ ጎማ ጎን ደረቅ ስለሆነ ግማሹ ቢወጣም በዓይን አይለይም። ያደሳ የሚያምነው ቫልቩን ነው፤ ቫልቩ ቀጥ እንዲል ደግሞ ንፋሱን ያጎደለው ሰው ዳዶዋን አጥብቋል። በያደሳ ግቢ ይህ ሥራ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው። ለሊሳ፣ ለክቻለሁ ብለህ ዋሸህ፤ ሥራውን አላውቅም ብለህም ዋሸህ። ሁለት ዓመት ማን ጋ ነበርክ?»

ለሊሳ መሬት ላይ ዘጭ አለ።

«እንግዶቹ ፊት ‹አንተ በረሃ አትችልም› ይለኝ ነበር፤ ሁልጊዜ! ጎማ ተንፍሶበት አንድ ቀን እንዲያፍር ነው የፈለግሁት። ቁልቁለት ላይ ይሆናል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

«ምናለ አፍሮ በመጣልኝ!» ብላ ጮኸች ማራኪ።

ፖሊሶች ለሊሳን ወሰዱት። የኔነሽ ሽማግሌውን «ይሂዱ፣ ነፃ ነዎት» አለቻቸው። አቶ ተክለማርያም አልተነሱም።

«ወዴት ልሂድ? ሰፈሩ ሁሉ ገዳይ ብሎኛል።»

ማራኪ እንባዋን ጠርጋ ቀረበች፤ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ስምዎን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አባባ። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም። ይምጡና ሰው ሁሉ እያየ ከጎኔ ይቀመጡልኝ።»

ሽማግሌው ክንዷን ይዘው ተነሱ።