ዘሃራ ያልከፈተችው ቧንቧ

እኔ ስለ መንፈስ ምናምን ወሬ ሲነሳ «ደግሞ ጀመራችሁ!» ብዬ ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ፣ አሁንም ቢሆን አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ከዘሃራ ጋር በደባልነት እንኖር ነበር፣ እሷ ሳሪስ አክስቷ ሱቅ ትሠራለች፣ እኔ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ። እኛ ጋ ውሃ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው፣ አንድ ቀን ጠዋት የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ብከፍተው ጠብ አልል አለኝ፣ ሳልዘጋው ወጣሁ። ከሥራ ስመለስ ቤቱ ኩሬ ሆኗል፣ ውሃው ወደ ታች ዘልቆ ከሥራችን ያሉትን የጋሽ ታደሰን ባለቤት፣ ስትሮክ መትቷቸው አልጋ የያዙትን እማማ በላይነሽን ከነብርድ ልብሳቸው አርሷቸዋል።

«ማነው የከፈተው?» አሉ ጋሽ ታደሰ በራችን ላይ ቆመው።

አልዋሸሁም፣ እመኑኝ፣ ዝም ብዬ ዘሃራን አየኋት፣ በቃ ይኼው ነው። ከኔ በኋላ የወጣችው እሷ ነበረች፣ «እኔ እሆናለሁ፣ ይቅር በሉኝ ጋሼ» ብላ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ የሚገርመው ከልቧ አምናዋለች። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ሰው ስታይ አንገቷን መድፋት ጀመረች፣ ብዙም ሳትቆይ ቱሉ ዲምቱ ቤት ተከራይታ ወጣች።

እኔ ደግሞ ደግ ሆንኩላችሁ! ለእማማ ሾርባ መሥራት፣ አንሶላቸውን ማጠብ፣ ጋሽ ታደሰ «አንቺስ ከልጅም ትበልጫለሽ» ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኛል፣ በማግስቱ ግን እንደገና እሄዳለሁ።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ሕንፃው ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት፣ ጋሽ ታደሰ ለቅሶ ሄደው እማማን ሾርባ ላበላቸው ወረድኩ። ከታመሙ ጀምሮ አንዲት ቃል ያልወጣቸው ሴትዮ ጣሪያውን አዩና ጥርት ባለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ ዝጊው» አሉኝ።

«ምኑን እማማ?»

«በረደኝ።»

ብርድ ልብሱን ብነካው ተጨምቆ የማያልቅ እርጥብ! ጣሪያው ደረቅ፣ ፍራሹ ደረቅ። ሽንት ነው ትሉኝ ይሆናል፣ እኔም እንደዚያ ብዬ አሽትቻለሁ፣ ንፁህ የቧንቧ ውሃ ነው፣ በረዶ የሆነ።

ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ፣ ቤቴ በር ጋ ስደርስ ከውስጥ ውሃ ሲንፎለፎል ይሰማኛል፣ ከፍቼ ስገባ ጸጥ አለ። ቧንቧው ዝግ ነው፣ ወለሉ ጠብታ የለበትም፣ ብከፍተውም አየር ብቻ ተነፈሰ።

እዚያው የመታጠቢያ ቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ዘሃራ ጋ ደወልኩ፣ ዛሬ እነግራታለሁ ብዬ።

«ውይ እህቴ፣ እማማ እንዴት ናቸው?» አለችኝ ገና ስታነሳው፣ «እኔ እኮ እስካሁን ታክሲ ከያዝኩ በኋላ ወርጄ፣ ቤት ተመልሼ ቧንቧ አያለሁ።»

«ዘሃራ፣ እኔ...»

«አልሰማሽም፣ ኧረ ጮክ በይ! ውሃ ከፍተሽ ነው እንዴ? ድምፁ እኮ አላሰማ አለኝ።»

ጆሮዬን አቆምኩ፣ ቤቱ ጭጭ ብሏል፣ ቧንቧው ደርቆ ፊት ለፊቴ ተገትሯል።

«አዎ» አልኳት፣ «ቆይ ልዝጋውና መልሼ እደውልልሻለሁ።»

እስከ ዛሬ አልደወልኩም። እሷ ትደውላለች፣ አላነሳም፣ «ዘጋሽው?» ብትለኝ ምን እላታለሁ?