ጨው ሜዳው ላይ የቆመችው መኪና

መብራቱን አጥፉት። ባትሪ አትጨርሱ፤ ጨለማው አይበላችሁም። ቀረብ በሉ፣ አንዴ ብቻ ነው የምናገረው። ፍሬው፣ አንተ በተለይ ስማ። ነገ ጨው ሜዳውን አቋርጣለሁ እያልክ ስትፎክር የዋልከው አንተ ነህ።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው እንደዚህ ባለ ሰዓት አይደለም። በሌሊት የሚመጣውንማ ሁሉም ይጠነቀቀዋል። ይኼኛው የመጣው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ወፍ እንኳን ዝር በማይልበት ሰዓት። እናቶቻችን በቀትር ብቻችሁን አትውጡ ይሉን የነበረው ለምን ይመስላችኋል? ለፀሐዩ ብቻ ይመስላችኋል?

ድሮ ነው። በዚህ በረሃ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ። ጓንጉል የሚባል ሾፌር ነበረ። የሚነዳት ነጭ ፊልድ መኪና ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ከፍ አልተደረገች፣ ሰፊ ጎማ አልገባላት፣ ምንም አልተጨመረላት። ጥሩ መኪና ናት። ግን ሆዷ ዝቅ ያለ ነው፣ ጎማዋም ቀጭን ነው። ልኳን ካወቅህላት ታደርስሃለች። ልኳን ካላወቅህ ትቀብርሃለች።

አንድ ቀን ወሬ መጣ። ከጨው ሜዳው ማዶ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሰባት ሰዎች አሉ። ውሃ የሚያመላልስላቸው ቦቴ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀርቷል። የቀራቸው ውሃ ቢቆጥቡት ለሁለት ቀን ነው። ከሰባቱ አንዱ ይርዳው ነው፣ የጓንጉል ታናሽ ወንድም። እናታቸው ስትሞት ያሳደገው ጓንጉል ነው። ወንድሙ ብቻ አይደለም፣ ልጁ ነው በሉት።

ጓንጉል አራት ጄሪካን ውሃ ጫነ። በሚኖርባት መንደር ሁመድ የሚባል መንገድ መሪ አለ፣ በረሃውን እንደ ደጁ የሚያውቅ። ሁመድ ቁጭ አድርጎ ነገረው። መንታው ጋ ስትደርስ ሁለት መንገድ አለ አለው። ጥቁሩን ድንጋይ የሚዞረው ጠጠር መንገድ ሩቅ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ያስኬዳል፣ ግን ያንተ መኪና ትችለዋለች። ጨው ሜዳው የሦስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ግን ከላይ ቅርፊት ነው፣ ከሥሩ ጭቃ። ያንተ መኪና አትችለውም። ደግሞ ብቻህን አትሂድ፣ ነገ ጠዋት ሌላ መኪና ይመጣል፣ ተከታትለን እንሄዳለን አለው።

ነገ? ወንድሙ እየተጠማ ነገን ይጠብቃል? እናንተ ትጠብቁ ነበር? እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም አልጠብቅም ነበር። በጠጠሩ እሄዳለሁ ብሎ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ወጣ።

ብዙም ሳይሄድ ጎማ ፈነዳበት። ክሪኩ አሸዋ ውስጥ እየሰመጠ አስቸገረው፣ ትርፉን ጎማ፣ ስኮርታውን፣ እስኪገጥም ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከእንግዲህ ሌላ ጎማ ቢፈነዳ መቀየሪያ የለውም። መንታው ጋ ሲደርስ ቀትር ሆነ። በግራ ጠጠሩ፣ ሹል ሹል ድንጋዩ። በቀኝ ጨው ሜዳው፣ ነጭ፣ ለጥ ያለ።

የበረሃ ሾፌር መንታ ላይ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ፍሬው፣ መልስልኝ እንጂ። ይወርዳል። የጎማ አሻራ ያያል። ያለፈችው መኪና የኔን ትመስላለች ወይ ብሎ አሻራውን በስንዝር ይለካል። ከዚያ ደግሞ ተመልሳለች ወይ ብሎ የመመለሻዋን አሻራ ይፈልጋል። መመለሻ የሌለው አሻራ ላይ አይገባም። ይኼን ጓንጉል ከእኔም ከእናንተም በላይ ያውቀዋል።

ወረደ። ጨው ሜዳው ላይ አሻራ አለ። ትኩስ ነው። በስንዝር ለካው፣ ልክ የራሱ መኪና ጎማ ነው። መሄጃ አለ። መመለሻ የለም።

ተሻግራ ይሆናላ፣ ከተሻገረች ለምን ትመለሳለች አለ። ለማን ነው ያለው? ለማንም። ብቻውን ነው። አጠገቡ ሰው ቢኖር እጁን ይይዘው ነበር። ብቻውን የሆነ ሰው የሚሰማው የራሱን ጭንቀት ነው። ገባ።

መጀመሪያ መሬቱ ቻለው። ትንሽ እንደሄደ፣ ሩቅ ላይ፣ ወበቁ በሚርገበገብበት ቦታ መኪና አየ። ነጭ ናት። ቁርጥ የእሱን መኪና። ተመስገን አለ፣ ከፊቴ ሰው አለ አለ። ሲጠጋት ሄደች። ሲቆም ቆመች። ተከተላት።

ቆይቶ አንድ ነገር ልብ አለ። አቧራ የላትም። ጨው አይቦንም ብሎ ራሱን አጽናና። ደግሞ ሞተሩን አጥፍቶ አዳመጠ። የእሷ ሞተር አይሰማም። ነፋሱ ወስዶት ነው አለ። ነፋስ ነበረ እንዴ? አልነበረም። ከዚያ በመስኮቷ እጅ ወጣ። ና፣ ና ይላል። ያን ጊዜ መመለስ ነበረበት። ልቡም ነግሮታል። ግን ሰዓቱን አየ፣ ወንድሙን አሰበ፣ ነዳጅ ረገጠ።

ቅርፊቱ ተሰበረ። መኪናዋ እስከ ሆዷ ገባች። በእጁ ጫረ። ምንጣፉን አውጥቶ ጎማው ሥር ከተተ። ልብሱን አውልቆ ከተተ። ሞተሩን ባስነሳ ቁጥር ይብስ ትሰምጣለች። ተቀምጦ አለቀሰ። ጢማም ሰውዬ፣ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

ቀና ሲል ያቺ መኪና ሃምሳ እርምጃ ላይ ቆማለች። ውስጧ የተቀመጠው ይርዳው ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

«ጋሼ፣ ውሃ» አለው።

ጓንጉል ጄሪካን ተሸክሞ ሮጠ። አጠጣው። ጠጣ፣ ጠጣ፣ ጄሪካኑ አለቀ። ጋሼ፣ ውሃ ይላል። ሁለተኛውን አመጣለት። ጋሼ፣ ውሃ። ሦስተኛውን አመጣለት። አራተኛውን አንጠፍጥፎ ሲጨርስ ፊቱን አየው። ከንፈሩ ደረቅ ነው። ጠብታ አልነካውም። ይስቃል።

በማግስቱ ሁመድ በሌላዋ መኪና መንታው ጋ ደረሰ። አሻራውን አየና መኪናዋን ዳር አቁሞ፣ ከሾፌሩ ጋር በእግሩ ገባ። ጓንጉልን እርጥብ ጨው ላይ ተቀምጦ አገኙት፣ አራት ባዶ ጄሪካን አጠገቡ። ሁመድ ተከትሎት የመጣው አሻራ የስንት መኪና ይመስላችኋል? የአንድ። የጓንጉል ብቻ። ከእሱ በፊት በዚያ ያለፈ የለም።

ደግፈው አወጡት፣ በጠጠሩ ዞሩ፣ ሲመሽ ቆፋሪዎቹ ጋ ደረሱ። ሰዎቹ ተዳክመዋል፣ ግን በሕይወት አሉ። በመኪናዋ ጭነው ካመጡት ውሃ ሰጧቸው። ጓንጉል እየዞረ የእያንዳንዱን ፊት አየ። ስድስት ናቸው። ይርዳው የታለ ብሎ ጠየቀ።  ትልቁ ቆፋሪ ተናገረ።

«ትናንት በቀትር ሄደ። ወንድሜ መጣልኝ፣ ነጯ መኪናው ያቻት፣ በእጁ እየጠራኝ ነው አለ። እኛ ምንም አላየንም። ብንይዘው አመለጠን። ወደ ጨው ሜዳው ሮጠ።»

ፈለጉት። ሳምንት ሙሉ ፈለጉት። ጨርቁ እንኳን አልተገኘም።

እንግዲህ ፍሬው፣ ነገ ብቻህን አትውጣ፣ ሁለተኛ መኪና ጠብቅ። በጠጠሩ ሂዱ፣ ቢመሽባችሁም ይምሽ። በቀትር ከፊትህ ያንተን የምትመስል መኪና ካየህ ሞተርህን አጥፋና አዳምጥ። ድምፅ ከሌላት አዙር። ውስጧ የተቀመጠው ማንም ይሁን፣ በስምህም ይጥራህ፣ ውሃም ይለምንህ፣ አዙር።