እኔ ሳልመጣ እንዳትጨርሷት

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነኝ፣ እውነቴን ነው፣ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ያልለካሁትን አላምንም፣ የሥራ ባልደረቦቼ «ባሕር ዳር ተወልደሽ፣ ጣናን እያየሽ አድገሽ፣ እንዴት አንድም ነገር አይታይሽም?» እያሉ ሲያሾፉብኝ «የሚታየኝ ውሃ ነው» እላቸው ነበር። ይህን የማወራችሁም እንድታምኑልኝ ብዬ አይደለም፣ ብቻዬን ይዤው መቀመጥ ቢያቅተኝ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሞገስ የጃፓን ካርቱን አይጠግብም ነበር። ካርቱን ስላችሁ የሕፃን እንዳይመስላችሁ፣ ወንጀለኛ የሚያሳድድ መርማሪ ያለበት፣ ሬሳ የማይጠፋበት ተከታታይ ፊልም ነው፣ ፍላሹን ይዞ ቪዲዮ ቤት ይሄድና አንዱን ሲዝን በሙሉ አስጭኖ ይመጣል። እናታችን ደግሞ ዳዊት ትደግማለች እንጂ የፈረንጅ ጽሑፍ አታነብም፣ ስለዚህ ከሥር የሚመጣውን እንግሊዝኛ እያየ በአማርኛ ይተረጉምላታል፣ መተርጎም ብቻ መሰላችሁ? መርማሪውን እንደ ሟቹ አያታችን እንደ መሪጌታ በአፍንጫው ያናግረዋል፣ የፖሊሱን አለቃ እንደ እድራችን ዳኛ ያስቆጣዋል፣ የጃፓን ስም አልያዝ ስላላትም ሁሉንም ክርስትና አንስቷቸው «አያ ደምሴ» እና «እትዬ ጥሩወርቅ» ሆነው ቁጭ ብለዋል። ገዳዩን ያወቀ እንደሆነ የወንበሩን ክንድ በጥፍሩ ኳ ኳ ያደርጋል፣ ያን ጊዜ እማዬ «ተው አትናገር፣ እኔም ልሞክር!» ትለዋለች። እኔ ከጓዳ «እናንተ ሰዎች ሥራ የላችሁም?» እላለሁ።

በዚያ ሲዝን የሚፈለገው ከአንዲት ደሴት የጠፋ የአንድ ሽማግሌ ሰዓት ጠጋኝ ገዳይ ነበር፣ እማዬ «አያ ደምሴ ነው፣ ዓይኑን እዩት!» ብላ ምላለች። የመጨረሻዋ ክፍል ብቻ ቀርታ ሳለ፣ ሞገስ ሶላር ጠጋኝ ነውና ለሥራ ከሐይቁ ማዶ ቁንዝላ ተጠራ፣ ጠዋት በጀልባ ሊሄድ ሲወጣ ከበሩ ዞሮ «እኔ ሳልመጣ እንዳትጨርሷት፣ ዋ!» አለን። መንገድ ላይ ነፋስ ተነስቶ ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ሌሎቹ ተረፉ፣ የእኛን ልጅ ጣና አልመለሰውም።

ሬሳው ስላልተገኘ እማዬ ለቅሶ አልቀመጥም አለች። የነፍስ አባታችን መጥተው «ወለተ ሥላሴ፣ የልጅሽ ነፍስ ጸሎት ይጠብቃል፣ ፍቀጂና ፍትሐት ይደረግለት» ሲሏት፣ «አባ፣ በቁሙ ላለ ሰው ፍትሐት ይደረጋል እንዴ? ያሳዩኝና ላልቅስ» ብላ መለሰቻቸው። ምሳውን ታስቀምጥለታለች፣ አልጋውን ታነጥፍለታለች፣ ፍላሹን ማንም እንዳይነካው ከዳዊቷ ማኅደር ከትታዋለች፣ «እሱ ሲመጣ እንጨርሳታለን» ትላለች። አንዲት እንባ ሳይወጣት ሰውነቷ እያለቀ ሄደ፣ እኔ ማታ ማታ ብርድ ልብሴን ነክሼ እያነባሁ «ጌታዬ፣ አንዴ ታልቅስልኝ፣ አለዚያ እሷንም አጣታለሁ» እያልሁ እለምን ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባል የለ? በዚያው ክረምት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ ገና ዓይን ለዓይን ይተያያል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ከግቢያችን በር ስደርስ የእማዬን ሳቅ ሰማሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ! ሮጬ ገባሁ። ቴሌቪዥኑ በርቷል፣ ጃፓኖቹ ይንጫጫሉ፣ እሷ በርጩማዋ ላይ ሆና ከሞገስ ባዶ ወንበር ጎን ተቀምጣለች።

«እማዬ፣ ማን ከፈተልሽ?»

«ወንድምሽ ነዋ» አለችኝ፣ ሱቅ ደርሶ የተመለሰ ልጅ ይመስል። «ቁጭ በይ ደብሬ፣ አታቋርጪው።»

ቦርሳዬን እንደያዝሁ ተቀመጥሁ። የመጨረሻዋ ክፍል ናት፣ ከሥር የሚመጣው እንግሊዝኛ ግን የለም፣ እኔ ራሴ ምን እንደሚባል አላውቅም። ጃንጥላ የያዘች ሴት ብቅ አለች፣ ከዚህ በፊት አይተናት አናውቅም። «እትዬ ፈንታነሽ ናት፣ የሽማግሌው እህት» አለች እማዬ፣ «አሁን ቁልፉን ከዱቄት ዕቃው ታወጣዋለች»። እመኑኝ፣ ሴትዮዋ ጃንጥላዋን አስቀመጠች፣ እጇን ዱቄት ውስጥ ከተተች፣ ቁልፍ አወጣች።

ከዚያ ከጎናችን ኳ ኳ አለ።

የእማዬን እጆች አየሁ፣ ሁለቱም መቁጠሪያዋን ይዘዋል። የኔም ጭኔ ላይ ናቸው። ዝናቡ ነው እንዳልል ዝናቡን ለይቼ እሰማዋለሁ፣ ይኼ ጥፍር በእንጨት ላይ ነው፣ ያደግሁበት ድምፅ ነው፣ አይጠፋኝም። እማዬ «ቆይ፣ አትናገር» ልትል ጀመረችና አፏ ላይ ቀረ፣ ጆሮዋን ወደ ወንበሩ ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ ሳቋም ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ለካ ማንም አልገደለውም» አለች። «ውሃ ነው የወሰደው። ሞቱን የደበቁት የሚወዱት ናቸው፣ አለ እያሉ፣ አላሳርፍ አሉት።»

ብዙም ሳይቆይ መርማሪው ሰዎቹን ባሕሩ ዳር ሰብስቦ መናገር ጀመረ፣ እህትየዋ ተንበርክካ አለቀሰች። (ኋላ ጽሑፉን አብርቼ አይቻታለሁ፣ ቃል በቃል ያው ነው።) እማዬ ተነስታ የቴሌቪዥኑን ማጥፊያ ተጫነች፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ወጣች።

«በይ፣ ለእድሩ ንገሪ። ልጄ ሞቷል፣ ልረፍ እያለኝ ነው።»

ከዚያ «ሞገሴ!» ብላ የጮኸችው ጩኸት ሰፈሩን በዝናብ አስወጣው። እኔ ያን እንባ እየለመንሁ የከረምሁት ሴትዮ፣ እላይዋ ላይ ወድቄ «ይቅር እማዬ፣ አለ እንበል፣ ምሳውን እናስቀምጥለት» እላት ጀመር።

የጎረቤቱን ልጆች አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ የከፈተላት የለም። እሷ ሪሞቱን በየትኛው በኩል እንደሚይዙት እንኳ አታውቅም። እሺ፣ እንደ ምንም ብላ ራሷ ከፈተችው እንበል፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለውን ቁልፍስ በምን አወቀችው? ፍትሐቱ ተደረገ፣ አርባው ወጣ፣ እማዬ አሁን እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እህልም ትቀምሳለች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። ሳይንሱን ትቼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ እህቱ አይደለሁም ወይ? ለእኔስ ለምን አልነገረኝም?

ከዚያ ወዲህ የሚቀጥለውን ሲዝን አስጭኜ ቅዳሜ ከሰዓት ጽሑፉን አጥፍቼ ከወንበሩ ጎን እቀመጣለሁ። አንድ ቃል አይገባኝም፣ ዝም ብዬ አያለሁ። ያለፈው ቅዳሜ የፖሊሱ አለቃ ተቆጥቶ የሆነ ረጅም ነገር ሲናገር ከት ብዬ ሳቅሁ፣ ምን እንዳሳቀኝ ሳላውቅ።

እማዬ ጓዳ የያዘችውን ጥላ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ምን አለሽ?» አለችኝ።