ከበር ኋላ ያለው ቦርሳ

«ይሄን ልብስ ከየት አመጡት?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ኮቱን ገልበጥ አድርጋ እያየች።

ትከሻው ላይ የጄኔራል ማዕረግ አለ። ያመጣው ሰውዬ ግን ሱሪው ጭቃ የነካው የውሃ መሐንዲስ ነው፤ የሰፈሩን ቧንቧ ሲያስቆፍር ሁልጊዜ ታየዋለች። ጄኔራል ደግሞ ቧንቧ ያስቆፍራል እንዴ?!

«የራሴ ነው» አላት ሳቅ እያለ። «የተጠባባቂ ጦር ጄኔራል ነኝ። ሲጠሩኝ ወታደር፣ ሲለቁኝ መሐንዲስ። ወገቡን ብቻ ያስፉልኝ... ሆዴ ከማዕረጌ ቀድሞ አደገ።»

ሳቀች እንጂ አላመነችውም። «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» አለች በሆዷ። የቀድሞ ባሏም እንዲሁ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ አንድ ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ «መጣሁ» እንዳለ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ!

ሰውዬው ግን ተመላለሰ። አንዴ ቁልፍ ላላብኝ፣ አንዴ ኪሱ ተቀደደ እያለ። ተራ ወታደር ሆኖ ድልድይ ሲጠግን እንዴት እንደጀመረ፣ ሰው ለእረፍት ሲሄድ እሱ ለልምምድ ካምፕ እየገባ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አጫወታት። አንቱታው ሳያውቁት ወደ አንተና አንቺ ወረደ። ወደደችው፤ ምን ይደረግ!

አንድ እሑድ ቤቱ ምሳ ጋበዛት። ሹራቧን ልትሰቅል በሩን ገፋ ስታደርግ ከኋላው ቦርሳ አየች። ጢም ብሎ ሞልቷል። ክው አለች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«የትም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ፊቱ ተለዋወጠ።

«ሌላ ቤት አለህ!» ብላ ምሳውን ሳትቀምስ ወጣች።

ቢደውል አላነሳችም። የስፌት መኪናዋን ስትረግጥ ክሩ ይበጠስባታል። ልቧ ደግሞ «ተሳስቼ ቢሆንስ?» እያለ ይነዘንዛታል።

ሐሙስ ዕለት ቦርሳውን ተሸክሞ ሱቋ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈው። ከስክስ ጫማ፣ መላጫ፣ ካልሲ፣ እሷ ያሰፋችው ኮት።

«የተጠባባቂ ሰው ቦርሳ ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። በተጠራሁበት ቅጽበት እወጣለሁ። የመጀመሪያ ሚስቴ ‹ከቦርሳህ ጋር ኑር› ብላኝ ነው የሄደችው። አንቺም እንዳትሄጂብኝ... ደበቅኩት።»

«ብትነግረኝ ምን ነበር?»

«ፈራሁ።»

«ጄኔራል ይፈራል?»

«አንቺን ማጣት? እንዴት አይፈራም!»

እንባዋ መጣ። ጥርጣሬው ግን ገና አለቀቃትም። «ነገ ቢጠሩህስ?»

«እሄዳለሁ። አልዋሽሽም። ግን የምመለስበት ቤት እንዲኖረኝ እፈልጋለሁ።»

«መጣሁ» ብሎ ከሚቀር ሰው፣ «እሄዳለሁ» ብሎ እውነቱን የሚናገር ይሻላል አለች ለራሷ። ልብሱን አንድ በአንድ አጣጥፋ ቦርሳው ውስጥ መለሰች። መርፌና ክር ጨመረችበት። ከዚያ ቦርሳውን አንስታ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤቷ ገባችና ከበሩ ኋላ አስቀመጠችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት ተከትሏት።

«ከዛሬ ጀምሮ ቦርሳህ የሚቀመጠው እዚህ ነው። ሲጠሩህ ከእኔ ቤት ትወጣለህ፤ ስትመለስም እዚሁ ታስቀምጠዋለህ!»